ፍጥነት መለኪያው የሚዋሽ ዲኤክስ፦ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

«ኬብሉን ቀየርኩት፣ አሁንም ያው ነው።» ፍጥነት መለኪያው ካስቸገረው ሰው ሁሉ የምሰማው ይህንን ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ቅዳሜው አልቋል፣ መርፌው ግን እንደ በፊቱ ይዋሻል። ሳይለኩ መፍታት፣ ሳያውቁ መግዛት ነው ችግሩ።

እዚህ የያዝነው መኪና ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ (ኬኢ 70) ነው። ማርሹ በእጅ ይቀየራል፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፣ ፍጥነት መለኪያው በኬብል ይሠራል። ሌላ ባለ ኬብል አሮጌ መኪና ያላችሁም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ቮልስ የምትነዱ ሰዎች የሚለይባችሁን ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

አደራ፣ ደረጃ አትዝለሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምንም ወጪ የላቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜም መልሱ የሚገኘው እነሱ ላይ ነው።

ቁልፍ ሳታነሱ ይህን እወቁ

ኬብሉ የሚነሳው ከካምቢዮው (ማርሽ ከሚቀያየርበት ሳጥን) የኋላ ጫፍ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ ክብ አለች፣ እዚህ «ጥርስ» የምንላት እሷን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ናት። ወደ ዲፍረንሻል (ዙሩን ለኋላ ጎማዎች ወደሚያካፍለው) የሚሄደው ዘንግ ጥርሷን ያዞራል፣ ጥርሷ ኬብሉን፣ ኬብሉ ደግሞ ዳሽቦርድ ውስጥ ያለውን ቆጣሪ።

ቆጣሪው ውስጥ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ኪሎሜትር የሚቆጥሩት ቁጥሮች ከኬብሉ ጋር በጥርስ ተያይዘዋል። ኬብሉ የዞረውን ያህል ይቆጥራሉ፣ ግምት የለበትም። መርፌው ግን በጥርስ አልተያያዘም። ኬብሉ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ አጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ኩባያ ሳይነካው ይዞት ሊዞር ይታገላል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ደግሞ ኩባያውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። መርፌው የሚቆመው ሁለቱ እኩል በተሳሳቡበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ኪሎሜትሩ ልክ ሆኖ መርፌው ከተሳሳተ ጥፋቱ ዳሽቦርድ ውስጥ ነው። ሁለቱም በእኩል መጠን ከተሳሳቱ ጥፋቱ ከዳሽቦርድ ውጭ ነው፦ ጎማ፣ ጥርስ ወይም ዲፍረንሻል። የምርመራው ግማሽ ይኸው ነው።

ስለ ፍሪሲዮንም (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ስለሚያገናኘውና ስለሚያላቅቀው) አንድ ነገር ልበል፤ «ፍሪሲዮኑ ስላለቀ ነው ፍጥነት የሚያሳስተው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ጥርሷ ያለችው ከፍሪሲዮንም ከማርሾቹም በኋላ ነው። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ሞተሩ በከንቱ ይጮኻል፤ መርፌው ግን የሚከተለው ጎማውን ነው። ለማረጋገጥ በ50 በ3ኛ ማርሽ ሂዱ፣ ከዚያ በ4ኛ። እውነተኛው ፍጥነት እኩል እስከሆነ ድረስ መርፌውም እኩል ማሳየት አለበት።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1. አራቱንም ጎማ በትክክለኛው ልክ አስነፉ። ልኩ በሹፌር በር ጠርዝ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የጎሚስታው ልጅ በለመደው ግፊት አይሙላላችሁ፣ ቁጥሩን ንገሩት።
2. ስልክ ላይ በጂፒኤስ ፍጥነትና ርቀት የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑ። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ስልኩ ሳተላይት ካየ ይበቃዋል።
3. አንድ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ይህ ግዴታ ነው። ሹፌር መንገድና መርፌ ያያል፣ ረዳቱ ስልኩን አንብቦ ይጽፋል። ለብቻ እየነዱ ስልክና መርፌ ማመሳከር ሰው ያስገጫል።
4. ጠመኔ፣ ሜትር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።
5. ሜዳ፣ ቀጥ ያለ፣ ጭር ያለ መንገድ ምረጡ። እኔ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ፈጣን መንገድ ላይ ለመለኪያ ብላችሁ በ40 አትንዱ፤ ከኋላ የሚመጣው ይህን አይጠብቅም።

ደረጃ 2፦ መንገድ ላይ መለካት

መጀመሪያ መርፌውን እንለካ።

1. መርፌው 40 ላይ እስኪረጋ ንዱ። እግራችሁን ነዳጅ ላይ ሳታንቀሳቅሱ 10 ሰከንድ ያዙት። ጂፒኤስ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚቀር ወዲያው የሚታየውን ቁጥር አትመኑ።
2. ሹፌሩ «አሁን» ይበል፣ ረዳቱ የስልኩን ቁጥር ይጻፍ።
3. በ60 ድገሙት። መንገዱና የፍጥነት ወሰኑ ከፈቀደ በ80ም።
4. በመጣችሁበት ተመለሱና ሁሉንም እንደገና ለኩ። የሁለቱን ዙር አማካይ ውሰዱ።

ቀጥሎ ኪሎሜትር ቆጣሪውን።

5. የስልኩን ርቀት ዜሮ አድርጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ ጻፉ። የመጨረሻው አሃዝ ልክ ሲገለበጥ ጀምሩ።
6. ስልኩ 20 ኪሎሜትር እስኪል ንዱ። በ2 ወይም በ3 ኪሎሜትር መለካት አያዋጣም፤ ትንሿ ስህተት ትልቅ መስላ ትታያለች።
7. ቆጣሪው ስንት እንደጨመረ ጻፉ።

ስልክ ከሌለ ወይም ሳተላይት አልይዝ ካለ፣ በመንገድ ዳር የኪሎሜትር ምልክቶችና በሰዓት ይሠራል። ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው የፈጀውን ሰከንድ ያዙ፣ 3600ን ለሰከንዱ አካፍሉ። 60 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ 60 ነው፣ 45 ሰከንድ ከሆነ 80፣ 90 ሰከንድ ከሆነ 40። ምልክቶች አንዳንዴ ተነስተው ስለሚተከሉ በአንድ ኪሎሜትር ብቻ አትፍረዱ፣ አራት አምስቱን ተከታትላችሁ ለኩ።

ለምን በሦስት ፍጥነት?

ይህን የሚዘሉት ብዙ ስለሆኑ በምሳሌ ላሳይ። ሁለት ዲኤክሶች አሉ እንበል። ሁለቱም 80 ሲያሳዩ ስልኩ 68 ይላል። በዚህች ቁጥር ብቻ አንድ ዓይነት በሽታ ይመስላል።

የመጀመሪያው በ60 ሲሄድ ስልኩ 51፣ በ40 ሲሄድ 34 ይላል። ስህተቱ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይጨምራል። ይህ የመጠን ስህተት ነው፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ጥርስ ወይም ወደ ማግኔቱና ሞላው ይመራናል።

ሁለተኛው በ60 ሲሄድ 48፣ በ40 ሲሄድ 28 ይላል። ሁልጊዜ 12 ይጨምራል። ይህ መርፌው ቦታውን የሳተ ነው። ጎማም ኬብልም ብትቀይሩለት አይድንም።

ደረጃ 3፦ ቁጥሮቹን ማንበብ

ጥፋት ነው ከማለታችሁ በፊት የሚፈቀደውን ልዩነት እወቁ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 እንደሚለው፣ ፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች በፍጹም ማሳየት የለበትም። ከእውነተኛው በላይ ግን እስከ 10 በመቶና 4 ኪሎሜትር ተጨምሮ ሊያሳይ ይችላል። በእውነተኛ 60 ስትሄዱ ከ60 እስከ 70 ቢያሳይ ልክ ነው፣ በ80 ደግሞ ከ80 እስከ 92። የእናንተ መርፌ በዚህ ውስጥ ከሆነና ኪሎሜትሩም ልክ ከሆነ፣ ምክሬ አትንኩት ነው።

አሳንሶ የሚያሳይ መርፌ ግን በ2 ኪሎሜትርም ቢሆን መጠገን አለበት። 60 ነኝ ብላችሁ በ66 ትምህርት ቤት በር ላይ ማለፍ ማለት ነው። ልጅ ዘልሎ ቢገባ የምትቆሙበትን ቦታ ያችው ልዩነት ትወስነዋለች።

አሁን ውጤታችሁን ፈልጉ፦

- ኪሎሜትሩ ልክ፣ መርፌው ስህተት፦ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።
- ሁለቱም በተቀራረበ መቶኛ ተሳስተዋል፦ ደረጃ 4፣ ከዚያ ደረጃ 6።
- ሁለቱም ተሳስተዋል፣ መቶኛው ግን በጣም ይለያያል፦ ሁለት ጥፋት አለ። መጀመሪያ ኪሎሜትሩን አስተካክሉ፣ ከዚያ መርፌውን እንደገና ለኩ።
- መርፌው ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ጠዋት ብርድ ላይ ይጮኻል፦ ደረጃ 5።
- ሁለቱም ሞተዋል፦ ደረጃ 5፣ ካልሆነ ደረጃ 6።
- መርፌው ይሠራል፣ ኪሎሜትሩ ቆሟል፦ ቆጣሪው ውስጥ ያለች ጥርስ አልቃለች ወይም ትንሸራተታለች፤ ደረጃ 7።
- መርፌው 40 ሲል ስልኩ 64 አካባቢ ይላል፣ ኪሎሜትሩም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይቀራል፦ ቆጣሪው የሚቆጥረው በማይል ሊሆን ይችላል። ገጹን በደንብ እዩት። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ከነበረ መኪና የመጣ ቆጣሪ እንዲህ ያደርጋል።

ደረጃ 4፦ ጎማው

ዲኤክስ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ጠባቡ 155፣ ባለ 13 ጎማ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ የምናየው ዲኤክስ ግን በአብዛኛው ሌላ ቸርኬ ላይ ነው። ሰፊ ጎማ ሁሉ ፍጥነት ያሳስታል ማለት አይደለም፤ ወሳኙ ቁመቱ ነው። በሒሳብ አንድ ሙሉ ዙር የሚሄደው ርቀት ይህን ይመስላል፦

- 155/80 አር 13፦ 1.82 ሜትር
- 175/70 አር 13፦ 1.81 ሜትር
- 185/60 አር 14፦ 1.81 ሜትር
- 185/70 አር 13፦ 1.85 ሜትር
- 185/70 አር 14፦ 1.93 ሜትር

እንደምታዩት 175/70 አር 13 እና 185/60 አር 14 ምንም አይለውጡም። የመጨረሻው ግን 6 በመቶ ይበልጣል። መርፌው 80 ሲል መኪናው 85 ላይ ነው፣ ኪሎሜትሩም አሳንሶ ይቆጥራል። ትልቅ ጎማ አሳንሶ፣ ትንሽ ጎማ አብዝቶ ያሳያል። ያለቀ ጎማም ከአዲሱ እስከ 2 በመቶ ሊያንስ ይችላል።

በጎማው ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ፣ ለኩት፦

1. ሜዳ አስፋልት ላይ አንድ የኋላ ጎማ መሬት የነካበትን ቦታ ጎማውም ላይ አስፋልቱም ላይ በጠመኔ አስምሩ።
2. ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ መኪናውን ቀስ ብላችሁ ግፉ። ሹፌር መቀመጫ ላይ ሰው ተቀምጦ እግሩ ፍሬን አጠገብ ይሁን።
3. ጎማው ሦስት ሙሉ ዙር ሲዞር አቁሙና እንደገና አስምሩ።
4. ርቀቱን ለኩ፣ ለ3 አካፍሉ።

ቁጥሩ ከላይ ካለው ሒሳብ ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ፣ የመኪናው ክብደት ጎማውን ስለሚጫነው ነው። ስለዚህ የለካችሁትን ከሌላ ጎማ ልክ ጋር ስታነጻጽሩ እሱንም በዚሁ መንገድ ለኩት።

ቮልስ የምትነዱ፦ የእናንተ ኬብል ካምቢዮ አይነካም። የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው፣ በጎማው መሐል ባለችው ክዳን በኩል። መለካት ያለባችሁ ያንን የፊት ጎማ ነው። ቆጣሪው ከሞተ ደግሞ መጀመሪያ ክዳኗ ላይ የኬብሉን ጫፍ የምትይዘዋ ትንሽ መቆለፊያ ሽቦ መኖሯን እዩ። ጎማ ሲፈታ ትወድቅና ማንም አያስተውላትም።

ደረጃ 5፦ ኬብሉ

ኬብል ወይ ያዞራል ወይ አያዞርም። በ60 ፋንታ 54 የሚያሳይ ኬብል የለም። መርፌው ሳይዘል ረግቶ ከተሳሳተ ኬብል አትግዙ።

ከዘለለ ግን እንዲህ ፈትሹ፦

1. ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይብረድ። ከሥር ስትሠሩ ማርሚታው አጠገባችሁ ነው።
2. የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ከዳሽቦርድ ጀርባ እጃችሁን ስትከቱ ሽቦ ከሽቦ እንዳይነካካ ነው።
3. ከቆጣሪው ጀርባ ኬብሉን አላቅቁ። አንዳንዱ በእጅ የሚዞር ቀለበት አለው፣ አንዳንዱ ተጭነው የሚያላቅቁት የፕላስቲክ ምላስ። ምላሱን በካቻቢቴ አትመንግሉት፣ ይሰበራል።
4. የውስጡን ሽቦ ወደ ላይ ሳቡት። ወጥቶ መሐል ላይ ተበጥሶ ካገኛችሁት መልሱ ተገኘ። ግማሹ ሽፋኑ ውስጥ ስለቀረ በካምቢዮው በኩል አውጡት።
5. ሙሉውን ከወጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና በመዳፋችሁ አንከባሉት። ቀጥ ያለ ሽቦ በእኩል ይንከባለላል። አንድ ቦታ ላይ እየዘለለ የሚገለበጥ ከሆነ ታጥፏል፤ መርፌውን የሚያስዘልለው እሱ ነው። አቃንቼ እመልሰዋለሁ አትበሉ፣ አንዴ የታጠፈ ሽቦ አይድንም።
6. ሁለቱን ጫፎች እዩ። ካሬ ናቸው። ጠርዛቸው ከተሸረሸረና ክብ ከሆነ ይንሸራተታሉ።
7. ሽፋኑ የሚያልፍበትን መንገድ በእጃችሁ ተከተሉ። በጠባቡ የታጠፈበት፣ በማርሚታው የቀለጠበት ወይም ከሌላ ነገር ጋር የታሰረበት ቦታ ካለ አዲስ ኬብልም እዚያው ይሞታል።

ስትመልሱት ሽቦውን ጠርጉ፣ ከታች ሁለት ሦስተኛውን ብቻ በቀጭኑ ግራሶ ቀቡ። የላይኛው 20 ሴንቲሜትር ደረቅ ይሁን። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ወዳጄ ሽቦውን ከላይ እስከ ታች ግራሶ ቀብቶ መለሰው። ለሁለት ሳምንት መርፌው እንደ አዲስ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ቆሞ መርፌው 30 ላይ ተንጠለጠለ፤ ዳሽቦርዱን በጣቱ ሲመታው ብቻ ይወርዳል። ቆጣሪውን ስንፈታው የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቡናማ ጤዛ ተቀምጧል፣ ማግኔቱና ኩባያው በግራሶ ተጣብቀዋል። የሽቦው መዞር ግራሶውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ያለው ነገር ይኸው ነው።

ግራሶ ሳትቀቡ ሽቦው ላይኛው ጫፍ ላይ ቀጭን ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ነው። ጥርሷ ያለችበት ማቀፊያ ውስጥ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበት) አልቋል። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፣ ከዚያ ኬብሉን እጠቡ።

ደረጃ 6፦ ጥርሷና ዲፍረንሻሉ

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ አይገባም። ሜዳ ቦታ፣ በፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ፣ ከአካሉ ሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ። ብሎኬት አታድርጉ፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

1. የኬብሉን ታችኛ ጫፍ ከካምቢዮው ፍቱ። መያዣው በእጅ ወይም በፒንሳ ቀስ ተብሎ ይፈታል።
2. ጥርሷን የያዘውን ማቀፊያ የምትቆልፍ አንዲት ቦሎኒ አለች። ፈትታችሁ ማቀፊያውን እያወዛወዛችሁ ሳቡት። ትንሽ ዘይት ስለሚፈስ ሰሃን ከሥር አድርጉ።
3. ጥርሷን በደንብ እዩ። የተላጠ፣ የቀለጠ፣ የተሰበረ ጥርስ ካለ መቀየር ነው። በቅርቡ ቀይራችኋት እንደገና ከተላጠች ግን በባትሪ መብራት ቀዳዳው ውስጥ ያለውን የብረቱን ጥርስ ተመልከቱ፤ እሱ ከተጎዳ የምትተክሉትን ሁሉ ይበላዋል።
4. ጥርሷ ደህና ከሆነች ዙሪያዋን ስንት ጥርሶች እንዳሏት ቁጠሩ። አንዷን በቀለም ምልክት አድርጉና ከእሷ ጀምሩ፤ ሁለቴ ቁጠሩ።

የብዙ ዲኤክስ ታሪክ እዚህ ላይ ይወጣል። ካምቢዮው ከሌላ መኪና መጥቷል፣ ወይም ዲፍረንሻሉ ተቀይሯል፣ ጥርሷ ግን አብራ አልተስተካከለችም። የሚያስፈልጋችሁ ጥርስ በዚህ ይወጣል፦

አሁን ያለው የጥርስ ቁጥር × ቆጣሪው ያሳየው ርቀት ÷ እውነተኛው ርቀት።

ምሳሌ፦ አሁን ያለችው ባለ 20 ጥርስ ናት። በእውነተኛ 20 ኪሎሜትር ቆጣሪው 21.8 ጨመረ። 20 × 21.8 ÷ 20 = 21.8። ስለዚህ 22 ጥርስ ያላት ትፈለጋለች። ጥርስ ሲበዛ ኬብሉ ይዘገያል፣ ንባቡ ይወርዳል። ጥርስ ሲያንስ ንባቡ ይጨምራል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል «የዲኤክስ ጥርስ» ብላችሁ አትግዙ። የጥርሱ ቁጥር፣ የጥርሱ ማጋደል ወደየት እንደሆነ፣ የዘንጓ ውፍረትና ርዝመት ሁሉም ይመሳከር። ስትመልሷት በጣት ግፊት መግባት አለባት። ካልገባች ትንሽ አሽከርክሯት፤ አሁንም ካልገባች ያች አይደለችም፣ በመዶሻ አታስገቧት። ሲጨረስ የካምቢዮውን ዘይት መጠን እዩ።

ዲፍረንሻሉ ተቀይሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲህ ይረጋገጣል፦ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አንሱ፣ ሌላው መሬት ላይ ይቆይ። ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። መኪናውን የሚይዘው አሁን ታኮው ብቻ ስለሆነ ደግማችሁ ፈትሹት። የተነሳውን ጎማ ልክ ሁለት ዙር አዙሩ፣ ሌላ ሰው ደግሞ በመሐል የሚሄደው ዘንግ ስንቴ እንደዞረ ይቁጠር። 4 ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ዲፍረንሻሉ 3.9 አካባቢ ነው። 4 ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 4.1 አካባቢ ነው። በ3.9 እና በ4.1 መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ቆጣሪውን 5 በመቶ ያሳስተዋል።

ደረጃ 7፦ ቆጣሪው ራሱ

እዚህ የምትደርሱት ኪሎሜትሩ ልክ ሆኖ መርፌው ብቻ ሲሳሳት፣ ወይም ኪሎሜትሩ ሲቆም ነው። የጃፓን ባለ ኬብል ቆጣሪዎች ሲሠሩ ኬብሉ በደቂቃ 637 ጊዜ ሲዞር 60 እንዲያሳዩ ተደርገው ነው። ይህች ቁጥር አንዳንዴ በገጹ ላይ በትንሹ ተጽፋ ትገኛለች።

በድሪል ትፈተናለች፦

1. ኬብሉን ከካምቢዮው በኩል ብቻ ፍቱ፣ ከቆጣሪው ጋር እንደተያያዘ ይቆይ።
2. የሽቦውን ጫፍ በጣታችሁ አዙሩ። መርፌው ወደ ላይ የሚላወስበትን አቅጣጫ ያዙ። በተቃራኒው በድሪል ካዞራችሁት መርፌው ዜሮው ላይ ያለችውን ብረት እየገፋ ይታጠፋል።
3. የድሪሉን ዙር ከላዩ ላይ አንብቡ። ብዙ ባለ ባትሪ ድሪሎች በዝቅተኛው ማርሽ 400 አካባቢ ይዞራሉ። በ400 ዙር መርፌው 38 አካባቢ መቆም አለበት።
4. ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አዙሩ። ኪሎሜትሩም አብሮ ይቆጥራል።

ድሪሉ በትክክል 400 ስለማይዞር ይህ ሻካራ ፍተሻ ነው። 38 በሚጠበቅበት 25 ካለ ግን ቆጣሪው ታሟል፣ አያከራክርም።

መርፌው በሁሉም ፍጥነት በእኩል ቁጥር ከሳተ፣ አንድ ጊዜ ተነቅሎ በስህተት ተመልሷል ማለት ነው። ዜሮ ላይ አስደግፎ መግጠም ትክክል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በብዙ ቆጣሪ ላይ ግን ሞላው መርፌውን ከዜሮዋ ብረት በታች ሊወስደው ይፈልጋል፤ ብረቷ ናት የምታቆመው። ስለዚህ ስትነቅሉት ወረቀት ፕላስተር ገጹ ላይ ለጥፉና ነፃ ሲሆን የሚያርፍበትን አስምሩ፣ ፎቶም አንሱ። ከዚያ በደረጃ 2 ባገኛችሁት ልዩነት ልክ አዛውራችሁ መልሱት። እጃችሁ ካልረጋ ለቆጣሪ ሠሪ ስጡት፤ ያችን ሞላ አንዴ ከነካችኋት አትመለስም።

ማግኔቱ ከደከመ ወይም ውስጡ በግራሶ ከተበላሸ ሌላ ቆጣሪ መግጠም ይሻላል። ከዚያው ሞዴል መሆኑን አረጋግጡ። ሲቀየር ደግሞ የአሮጌውንና የአዲሱን ኪሎሜትር ከነቀኑ ጽፋችሁ ከመኪናው ሰነድ ጋር አስቀምጡ፣ ስትሸጡም ለገዢው አሳዩት። ይህን መደበቅ ሰው ማታለል ነው።

ኬብል ከሌለውስ?

ከዲኤክስ በኋላ የመጡ አንዳንድ ኮሮላዎች በኬብሉ ቦታ ሴንሰር አላቸው። ሴንሰሩ የሚቀመጠው እዚያችው ጥርስ ላይ ስለሆነ ደረጃ 4 እና 6 ለእናንተም ይሠራሉ። መርፌው ከሞተ ወይም ከተቆራረጠ መጀመሪያ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅላችሁ ዝገትና ዘይት እዩ። ካልሆነ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ሞተር ሳታስነሱ፣ የሚነዳውን አንድ ጎማ አንስታችሁ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የምልክት ሽቦው ላይ ቴስተር አስገቡ። ቮልቱ ከዜሮ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ዜሮ መመላለስ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ሴንሰሩ ወይም የሚመግበው ሽቦ ተበላሽቷል።

ደረጃ 8፦ እንደገና መለካት

በዚያው መንገድ፣ በዚያው የጎማ ግፊት፣ ደረጃ 2ን ከመጀመሪያው ድገሙ። አንድ ነገር ቀይራችሁ ለኩ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱን ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

አንዳንዴ የሚፈለገው ጥርስ አይገኝም። እስኪገኝ ድረስ ትንሽ ወረቀት ቁረጡና እውነተኛውን ቁጥር በትልቁ ጻፉ፦ «መርፌ 56 = እውነት 60»። ከመሪው ጀርባ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ቦታ ለጥፉት፣ መኪናውን ለሌላ ሰው ስታውሱም በቃል ንገሩት። ጎማ በቀየራችሁ ቁጥር ወረቀቷን ቀዳችሁ ጣሉና እንደገና ለኩ።